መንጃ ፈቃድ ፈታኙ የማን ሠራተኛ ይሁን? ስለ አልበርታው ክርክር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የካናዳዋ አልበርታ ፕሮቪንስ (ክፍለ ሀገር) ከተማ በሆነችው ካልጋሪ ውስጥ ሐበሻ ቡና ላይ ከተሰበሰበ ሁለት ወሬ አይጠፋም። አንዱ የቤት ዋጋ ነው። ሌላው ሮድ ቴስት፣ የመንገድ ላይ የመንጃ ፈተናው። «ጣለኝ»፣ «ቀጠሮ አጣሁ»፣ «እነ እገሌ ጋ ብትሄድ ታልፋለህ»። ከዚህ ሁሉ ወሬ ጀርባ ግን ሠላሳ ዓመት ያለፈው ክርክር አለ። መንጃ ፈቃድ የሚፈትነው ሰው የመንግሥት ሠራተኛ ይሁን ወይስ የግል? የመንግሥት ሠራተኞች ዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) አንዱን ጫፍ ይዟል፤ «የግሉ ይሻላል» የሚሉ መንግሥታት ሌላውን ጫፍ ይዘዋል። እኔ ታክሲ ላይ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ጥያቄው ዞሮ ዞሮ ወደ እኔም ይመጣል። ሰው ደጋግሞ የጠየቀኝን እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ማን ከማን ጋር ነው የሚከራከረው?

በአንድ በኩል ኤዩፒኢ አለ። የአልበርታ የመንግሥት ሠራተኞች ዩኒየን ነው፤ ከ90 ሺህ በላይ አባላት አሉት። የእስር ቤት ጠባቂዎች፣ ረዳት ነርሶች፣ የመንግሥት ቢሮ ጸሐፊዎች አባላቱ ናቸው። የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት ሌሊት የሚሠሩ እህቶቻችንም ብዙዎቹ እዚያው ናቸው፤ ከደሞዛቸው በየጊዜው መዋጮ ሲቆረጥ የሚያዩት ለዚህ ዩኒየን ነው።

በሌላ በኩል የፕሮቪንሱ መንግሥት አለ። እሱ ግን አቋሙ አንድ አይደለም። በ1993 ወግ አጥባቂዎቹ ፈተናውን ለግል ሰጡ። በ2019 ኤንዲፒ የተባለው ግራ ዘመም ፓርቲ ወደ መንግሥት መለሰው። በ2021 አዲሶቹ ወግ አጥባቂዎች ግማሹን እንደገና ለግል ሰጡ። ፈታኙ እንደ ኳስ ከወዲህ ወዲያ ሲጠለዝ ነው የኖረው።

ሬጅስትሪው ድሮም የግል ነው። ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለ?

ብዙ ሰው ግር የሚለው እዚህ ላይ ነው። አልበርታ ውስጥ ታርጋ ለማውጣት ወይም መንጃ ፈቃድ ለማሳደስ የሚኬደው ከፒዛ ቤት አጠገብ ወዳለች ሬጅስትሪ የምትባል ትንሽ ቢሮ ነው። ባለቤቷ ነጋዴ ነው፤ ከመንግሥት ፈቃድ ወስዶ ይሠራል። ይህ አሠራር የመጣው በ1993 ነው። ያኔ ፕሮቪንሱ በጀቱ ጎድሎ ዕዳ ውስጥ ነበር። የፕሮቪንሱ መሪ (ፕሪሚየሩ) ራልፍ ክላይን መንግሥትን አሳንሳለሁ ብለው ተነሡ። የመንግሥት የነበሩትን የመጠጥ መደብሮች ለግል ለቀቁ። የመደብሮቹ ሠራተኞች የኤዩፒኢ አባላት ነበሩ፤ ሥራቸውን አጡ። የቀረው የመንግሥት ሠራተኛም ደሞዙ 5 በመቶ ተቀነሰበት። ዩኒየኑ «ወደ ግል» የሚል ቃል በሰማ ቁጥር የሚደነግጠው ያ ዘመን ስላልወጣለት ነው።

እውነቱን ለመናገር እኔን የሬጅስትሪው ነገር አያናድደኝም። ቅዳሜም የሚከፍት አለ፤ ወረፋውም ብዙ ጊዜ አጭር ነው። ታርጋ የምትሰጠዋ ልጅ ወረቀቴ ከተሟላ ትሰጠኛለች፣ ካልተሟላ ትመልሰኛለች። በእኔ ላይ የምትፈርደው ነገር የለም።

ፈታኝ ግን ይፈርዳል። አጠገብህ ተቀምጦ «ይሄ ሰው ነገ ብቻውን መንገድ ላይ ይውጣ ወይስ አይውጣ?» የሚለውን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይወስናል። የክርክሩ እምብርት ይህ ነው። ወረቀት መስጠትና ፍርድ መስጠት አንድ ሥራ ይመስላሉ፤ አንድ አይደሉም።

ድሮ ፈታኞቹ በሙሉ የግል በነበሩ ጊዜ እንዴት ነበር?

ፈታኙ ደሞዝተኛ አልነበረም። ከመንግሥት ፈቃድ ያለው፣ በፈተነ ቁጥር የሚከፈለው ሰው ነበር። ቀጠሮ በሬጅስትሪ በኩል ይያዛል። ዋጋው ከቦታ ቦታ ይለያያል። ደግሞ ነጋዴ ገበያ ያለበት ነው የሚሄደው፤ ከተማ ውስጥ ፈታኝ ሲሞላ ራቅ ያለ ገጠር ውስጥ ያለ ሰው ግን ፈታኝ ይጠብቃል።

የራሴን ልንገራችሁ። የካቲት ነው፣ በረዶው ጠርዝ ጠርዙን ተከምሯል። የጓደኛዬን ቶዮታ ይዤ ሄድኩ። ፈታኙ ሸምገል ያለ ሰው ነው። ክሊፕቦርዱን ጭኑ ላይ አስቀመጠ፣ ቀበቶውን አሰረ። ከዚያ በኋላ «ቀኝ ታጠፍ»፣ «ግራ ታጠፍ» ከማለት በስተቀር አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሰፈር ውስጥ አንድ ስቶፕ ሳይን ጋ ደረስኩ። መኪና የለም፣ ሰው የለም፣ ውሻ እንኳ የለም። ቀስ ብዬ አለፍኩ። ቀስ ማለት መቆም ነበር የሚመስለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ባዶ መንገድ ላይ ማን ቆሞ ያውቃል? እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ጭር ሲል ሰማሁት። ስንመለስ ወረቀቱን አሳየኝና «ጎማህ አልቆመም» አለኝ። ጣለኝ።

ተናድጄ ለልጆቹ ሳወራ አንዱ ሳቀብኝ። «ማን እዚያ ሂድ አለህ? እኔ ወደሄድኩበት ሂድ» አለኝ። ሄድኩ። ያኛው ፈታኝ ተጫዋች ነው። ስለ ሩጫ፣ ስለ ኃይሌ ጠየቀኝ። ሁለት ሦስት ሰፈር ዞረን ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ተመለስን። ትራፊክ የበዛበት መንገድ ላይ አንድም ጊዜ ወደ ግራ አልታጠፍኩም። ሀይዌይ አልወጣሁም። አለፍኩ። የዚያን ቀን «ጌታ ይስጠው» ብዬ መርቄዋለሁ። ትክክለኛው ፈታኝ የመጀመሪያው እንደነበረ የገባኝ ታክሲ ላይ ስንት አደጋ በዓይኔ ካየሁ በኋላ ነው።

ልብ በሉ፣ ሁለተኛው ሰውዬ ጉቦ አልጠየቀኝም። ስሙ ግን በደግነት ወጥቷል። ስሙ ሲወጣ ደንበኛው ይበዛል። በፈተነ ቁጥር ለሚከፈለው ሰው ደግ መሆን ገበያ ነው፤ ጥብቅ መሆን ኪሳራ ነው። ያ ሽማግሌ ግን እየከሰረ ነበር እውነቱን የነገረኝ።

በ2019 ለምን ወደ መንግሥት ተመለሰ?

ነገሩ ሲብላላ ቆይቷል። ስለ ዋጋው፣ ስለ አገልግሎቱ፣ ስለ ፈታኞች ታማኝነት ቅሬታ ይቀርብ ነበር። መንግሥት ራሱ በ2018 ለውጡን ሲያውጅ፣ ከካናዳ ፕሮቪንሶች ሁሉ ፈተናውን ሙሉ በሙሉ ለግል የሰጠችው አልበርታ ብቻ መሆኗን ተናግሯል።

ገፍቶ ያወጣው ግን የሀምቦልት አደጋ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 2018 ሳስካችዋን ውስጥ፣ መንገድ ቁጥር 35 እና 335 በሚገናኙበት መስቀለኛ፣ የወጣቶች ሆኪ ቡድን የጫነ አውቶቡስ ከተሳቢ ጋር ተጋጨ። 16 ሰው ሞተ፣ 13 ሰው ቆሰለ። ከባድ መኪናው የካልጋሪ ድርጅት ነበር። ሾፌሩ ለሥራው አዲስ ነው፤ የተሰጠው ሥልጠና ሁለት ሳምንት ገደማ ነበር። ስቶፕ ሳይኑን ሳይቆም አለፈ። 8 ዓመት ተፈረደበት።

አደጋውን ያመጣው የግል ፈታኝ ነው ማለት አይቻልም፤ እንዲያ የሚል ካጋጠማችሁ አትመኑት። ዋናው ጥያቄ የሥልጠና ነበር። ነገር ግን ያ አደጋ ሰው ሁሉ «ለመሆኑ ይህን የሚያህል መኪና ለመንዳት ምን ይጠየቃል?» ብሎ እንዲጠይቅ አደረገው። መልሱ አሳፋሪ ነበር። ከመጋቢት 1 ቀን 2019 ጀምሮ ሁለት ነገር አብሮ ተለወጠ። ክላስ ዋን የሚባለውን የተሳቢ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት 113 ሰዓት ሥልጠና ግዴታ ሆነ። ፈታኞቹም የመንግሥት ሠራተኞች ሆኑ፤ በዚያው የኤዩፒኢ ጥላ ሥር ገቡ።

ጥሩ ከነበረ ታዲያ በ2021 ግማሹ ለምን ለግል ተመለሰ?

ወረፋ። መልሱ ይኸው ነው፤ የፖለቲካውን ነገር ለጊዜው እንተወውና።

ቀድሞ በግል ይፈትኑ የነበሩት ሁሉ ወደ መንግሥት አልገቡም። አንዳንዱ ጡረታ ወጣ፣ አንዳንዱ የመንግሥት ደሞዝ አላዋጣውም። በዚህ ላይ አዲሱ የሥልጠና ግዴታ ሳይደርስብን ብሎ ክላስ ዋን ለመፈተን የተሯሯጠው ሰው ብዙ ነበር። ቀጠሮ ጠፋ። በሚያዝያ 2019 ምርጫ ኤንዲፒ ወደቀ። የመጣው መንግሥት መጀመሪያ የግል ፈታኞችን ለጊዜው ብሎ ጠራ። በመጋቢት 2020 ኮቪድ መጣና ሮድ ቴስት ጭራሹን ተቋረጠ፤ ሲከፈት የተጠራቀመው ሰው ወንዝ ሆኖ ነበር። በ2021 ክፍፍሉ ጸና። ክላስ 4፣ 5 እና 6 ለግል፤ ክላስ 1፣ 2 እና 3 ለመንግሥት። በእኛ ቋንቋ ታክሲው፣ የቤት መኪናውና ሞተር ሳይክሉ ለነጋዴው፤ ተሳቢው፣ ትልቁ አውቶቡስና ከባድ መኪናው ለመንግሥት።

እኔ ይህን ክፍፍል ሳይ ፈገግ እላለሁ። የግሉን እጅግ የሚወድ መንግሥት እንኳ ተሳቢው ላይ ሲደርስ እጁን ሰበሰበ። የግል ፈታኝ ችግር የለበትም ከተባለ ተሳቢውንስ ለምን አልሰጡትም? ችግር አለበት ከተባለ ደግሞ ልጄ ትምህርት ቤት ስትሄድ መንገድ የምትሻገረው በተሳቢ ፊት ሳይሆን በቶዮታ ፊት ነው።

ዩኒየኑ በትክክል የሚለው ምንድን ነው?

ዋናው ነጥቡ የጥቅም ግጭት ነው። ገንዘቡ ከሚፈተነው ሰው ወይም ሰውየውን ካመጣው የመንጃ ትምህርት ቤት ጋር የተሳሰረ ፈታኝ ነፃ ሆኖ መፍረድ ይከብደዋል። እኛ ይህን ለመረዳት ጥናት አያስፈልገንም፤ ይሉኝታ የሚባል ቃል አለን። በሳምንት አሥር ተማሪ የሚያመጣልህን የትምህርት ቤት ባለቤት ስድስቱን ጥለህበት ዓይኑን ታየዋለህ? ደሞዝህ ከሌላ ቦታ ከመጣ ግን ብታይም ግድ የለህም።

ሁለተኛው ነገር ተጠያቂነት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ሲያጠፋ አለቃ አለው፣ የሥነ ምግባር ደንብ አለው፣ አቤት የሚባልበት ሰንሰለት አለ። የግሉንም መንግሥት ይቆጣጠረዋል። ግን ተቆጣጣሪው ራሱ ደሞዝ ይፈልጋል፤ በጀት ሲጎድል መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው።

ስለ ገጠሩም ያነሣሉ። የመንግሥት ፈታኝ ትርፍ ባይኖረውም ሩቅ ከተማ ይላካል። ይህኛው ክርክር በወረቀት ላይ ጥሩ ነው፤ በ2019 ግን በቂ ሰው ስላልነበረ የገጠሩም ሰው የከተማውም ሰው እኩል ተሰልፏል።

ነገሩ የራሳቸው እንጀራ አይደለም እንዴ?

ነው። ምን ይደበቃል? ዩኒየን የአባላቱን ሥራ ካልጠበቀ ምን ይሠራል? ፈታኙ ወደ ግል ከዞረ አባል ይቀንሳል፣ መዋጮ ይቀንሳል። ጡረታውና የሕክምና ዋስትናው ያለው ሥራ በኮንትራት ሥራ ይተካል።

ግን እንጀራውን የሚጠብቅ ሰው የሚናገረው ሁሉ ውሸት ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም እዚህ ላይ የፈታኙ እንጀራና የእኛ ደኅንነት አንድ ገመድ ላይ ናቸው። «ወድቀሃል» ብሎ ቤቱ በሰላም የሚገባ ፈታኝ ነው የምንፈልገው። ነገ ሥራ አጣ ይሆን ብሎ የማይፈራ። ያንን ሰው ዩኒየን ይፍጠረው፣ ሕግ ይፍጠረው፣ ለእኔ ልዩነት የለውም።

የመንግሥት ፈታኝስ ጉቦ አይበላም?

ይበላል። ዩኒየኖቹ ይህን ጥያቄ አይወዱትም።

አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ የሆነውን ተመልከቱ። መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው የስቴቱ ሴክሬተሪ ኦፍ ስቴት መሥሪያ ቤት ነው፤ ፈታኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። በ1994 ሚልዋኪ አጠገብ ከአንድ ከባድ መኪና የወደቀ ብረት የአንድ ቤተሰብ መኪና ሥር ገባ። መኪናው ተቃጠለ። የአንድ ቤት 6 ልጆች ሞቱ። ምርመራው ሲቀጥል የከባድ መኪናው ሾፌር ፈቃዱን ኢሊኖይ ውስጥ በጉቦ እንዳገኘ ታወቀ። ጉዱ ሲዘረገፍ ከ70 በላይ ሰው ጥፋተኛ ተባለ። ያኔ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የነበሩት፣ በኋላም የስቴቱ ገዥ የሆኑት ጆርጅ ራያን በ2006 ተፈርዶባቸው ስድስት ዓመት ተኩል እስር አገኙ።

ፈታኞቹ ጉቦውን የት ወሰዱት? ከፊሉ ወደ አለቃቸው የምርጫ ዘመቻ ነው የሄደው። ሠራተኞቹ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ቲኬት ሽጡ እየተባሉ ይገፉ ነበር። ፈቃድ ሸጠው ለቲኬቱ ከፈሉ ማለት ነው። ስለዚህ ፈታኙን የመንግሥት ሠራተኛ ማድረግ ብቻውን አያድንም። ፈታኙን የሚጫነው ገበያ ሊሆን ይችላል፣ አለቃ ሊሆን ይችላል፣ ፓርቲ ሊሆን ይችላል። አገር ቤት መሪ ሳይጨብጥ መንጃ ፈቃድ ኪሱ የገባለት ሰው ታሪክ የማያውቅ ሐበሻ ስለሌለ እዚህ ላይ ብዙ አላብራራም።

ኦንታሪዮም ለግል ሰጥታለች ይባላል። እዚያስ ምን ሆነ?

ቶሮንቶ ያላችሁ ድራይቭቴስት የሚባለውን የመንጃ ፈተና ጣቢያ ታውቁታላችሁ። በ2003 የኦንታሪዮ መንግሥት ፈተናውን ሰርኮ ለተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ በ10 ዓመት ኮንትራት ሰጠ። ኩባንያው ለመንግሥት 114 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። የፕሮቪንሱ የመንግሥት ሠራተኞች ዩኒየን ኦፕሱ ተቃወመ፤ አልተሳካለትም። ኮንትራቱ በኋላ ታደሰ።

የኦንታሪዮው ከአልበርታው ይለያል። አልበርታ ውስጥ ብዙ ትናንሽ ፈታኞች ነበሩ፤ እዚያ አንድ ትልቅ ኩባንያ ነው። ፈታኙ የኩባንያው ደሞዝተኛ ስለሆነ «ደግ ፈታኝ» ፍለጋ ሰፈር ለሰፈር መዞሩ ይቀንሳል። ያ ጥሩ ጎኑ ነው።

«ወደ ግል ሲዞር አድማ ይቀራል» የሚሉ ነበሩ። አልቀረም። ሠራተኞቹ የብረታ ብረት ሠራተኞች ዩኒየን ውስጥ ገቡና ነሐሴ 2009 አድማ መቱ። አድማው ወራት ፈጀ፤ በመላው ፕሮቪንስ ሮድ ቴስት ቆመ። ለሥራ መንጃ ፈቃድ የሚያስፈልገው ሰው ከክረምቱ መጨረሻ እስከ ብርድ ድረስ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ለፍትሕ ሲባል፣ በመንግሥት በኩል ያለውም አድማ ይመታል። ማኒቶባ ውስጥ ፈተናውን የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ ድርጅት ነው፤ በ2023 ወደ 1,700 የሚጠጉ ሠራተኞቹ አድማ ወጥተው ነበር።

ኦንታሪዮ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የጭነት ድርጅቶች የራሳቸውን ሾፌር ራሳቸው እንዲፈትኑ የሚፈቅድ ፕሮግራም አለ። የፕሮቪንሱ ዋና ኦዲተር በ2019 ይህን መረመሩት። ከ2014/15 እስከ 2018/19 ባለው ጊዜ ድርጅቶቹ ራሳቸው ከፈተኗቸው ሾፌሮች 95 በመቶው አልፈዋል። በድራይቭቴስት ከተፈተኑት ያለፉት 69 በመቶ ናቸው። ሾፌሮቹ ጎበዝ ስለሆኑ ነው እንዳይባል፣ ራሳቸውን ከሚፈትኑት 106 ድርጅቶች ሩቡ በራሳቸው ጥፋት በሚደርስ አደጋ ከሁሉም የባሱት 1 በመቶ ውስጥ ነበሩ።

ሾፌር የቸገረው ባለቤት የራሱን ሾፌር ሲፈትን ምን ይሆናል ብላችሁ ነው? የዩኒየኑን ክርክር በአንድ ገጽ አሳጥርልን ብትሉኝ ይህን የኦዲተር ቁጥር ነው የምሰጣችሁ። ከዩኒየን አፍ አልወጣም፤ ጥቅም ከሌለው ቢሮ ነው የወጣው።

የግሉ ቢያንስ ወረፋ አይቀንስም?

ሊቀንስ ይችላል፤ በፈተነ ቁጥር የሚከፈለው ሰው ቅዳሜና እሑድም ይሠራል። ግን ወረፋ የሚያጥረው ሰው ሲበዛ ነው። መንግሥት በ2019 ፈታኞቹን ሲቀበል በቂ ሰው ቀጥሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። የመንግሥትን አገልግሎት በሰው እጥረት አሽመድምዶ «አያችሁ፣ መንግሥት አይችልም» ማለት የቆየ ዘዴ ነው።

ወረፋ ሲጠና ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል፤ ፈተናው ራሱ ይቆረጣል። ኦንታሪዮ በጥር 2022 ጂ ከሚባለው የመጨረሻው የቤት መኪና ፈተና ላይ ፓራለል ፓርኪንግን ጨምሮ አንዳንድ ነገሮችን ለጊዜው አነሣች፤ ምክንያቱ ጂ2 በሚባለው ቀደም ባለው ፈተና ላይ ተፈትነውበታል የሚል ነበር። አልበርታ ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ጀማሪ ሾፌሮች ከጀማሪነት ደረጃ ለመውጣት የሚወስዱትን ሁለተኛውን ሮድ ቴስት አስቀረች። ሰው ደስ አለው፤ እኔም ለልጄ ደስ አለኝ፤ ገንዘቡ ቀላል አይደለም። ኢንሹራንሱ ደስ ይበለው አይበለው እሱ ያውቃል።

ሌሎቹ ፕሮቪንሶችስ?

ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ሳስካችዋንና ማኒቶባ ውስጥ ፈተናው ያለው በመንግሥት ኢንሹራንስ ድርጅቶች እጅ ነው። ይህ ለእኔ ብልህ አሠራር ነው። ፈታኙ መጥፎ ሾፌር ቢያሳልፍ የአደጋውን ሂሳብ የሚከፍለው ያው ድርጅት ነው። ደግ ለመሆን ምንም ምክንያት የለውም።

አገር ቤትስ እንዴት ነው?

ኢትዮጵያ ውስጥ ማሠልጠኛው በአብዛኛው የግል ነው፤ መመዘንና ፈቃድ መስጠት የመንግሥት ነው። አዋጅ ቁጥር 1074/2010 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) የሚገዛው ይህንን ነው። ንድፉ ከድሮው አልበርታ ይሻላል ማለት ነው፤ አስተማሪው ሌላ፣ ፈራጁ ሌላ። ንድፍ ግን ንድፍ ነው። በአስተማሪውና በፈራጁ መካከል ያለችው ቀጭን መስመር ስንቴ በፖስታ እንደምትሻገር ለአገሬ ሰው አልነግርም። አገር ቤት ተሳቢ የነዳ ሰው እዚህ ሲመጣ እንደ ጀማሪ ለርነር (ለማጅ) ሲባል የሚናደደውም ለዚህ ነው። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ አልበርታ ያለፈተና ከምትቀይርላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለም።

የፊታችን ሳምንት ፈተና አለኝ። ይህ ሁሉ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?

ብዙ አያደርግም። ጥቂት ነገር ግን ልበላችሁ።

የጽሑፍ ፈተናውን ካላለፋችሁ ከዚያ ጀምሩ። 30 ጥያቄ ነው፤ 25ቱን መመለስ ያስፈልጋል። ክላስ 5 ወይም ክላስ 4 ከሆነ ሮድ ቴስቱን የሚሰጣችሁ የግል ፈታኝ ነው፤ ክላስ ዋን ከሆነ የመንግሥት። ሁለቱም የሚያዩት አንድ ነገር ነው። ትከሻችሁን ዞር ብላችሁ ማየታችሁን፣ ፍጥነታችሁን፣ ጎማችሁ መቆሙን።

«እዚያ ሂድ፣ ያሳልፍሃል» የሚላችሁ አይጠፋም። እኔም ሄጃለሁ፤ ነውር ነው ብዬ አልፈርድባችሁም። አስተማሪያችሁ «ፈታኙ ጓደኛዬ ነው፣ ትንሽ ጨመር ካደረግህ…» ካለ ግን ያ ደግነት አይደለም፤ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ሌላ አስተማሪ ፈልጉ።

ከወደቃችሁ የተመዘናችሁበትን ወረቀት ሳትቀበሉ ከመኪናው አትውረዱ። ምልክት የተደረገበትን እያንዳንዱን ነገር እንዲያስረዳችሁ ጠይቁ፤ እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ በፎቶ አንሥታችሁ ቤት ውስጥ ከሚያውቅ ሰው ጋር እዩት። የእኔ ወረቀት ላይ የነበረችው ያቺ አንዲት መስመር እስካሁን ትዝ ትለኛለች። ዛሬ ልጄን በዚያው ሰፈር ሳለማምዳት እዚያ ስቶፕ ሳይን ጋ ስንደርስ አፌን ዘግቼ ጎማውን አያለሁ።